ቁልፍ ያልሰበረው ሌባ

ወንድሜ ከአሰላ ደውሎ «እህቴ፣ ተዘረፍኩ፤ ግን እልል በይ፣ ኢንሹራንስ አለኝ!» ሲለኝ ጎንደር ሆኜ አማተብኩ። ኢንሹራንስ የገባ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? ሌባን እንኳ እንደ እንግዳ ነው የሚቀበለው።

ለካ ሌባው በኢንተርኔት ገብቶ «ካልከፈልክ አልከፍትም» ብሎ የገብስ መጋዘኑን ኮምፒውተር ቆልፎበታል፤ ሥራው ቀጥ ብሏል። የኢንሹራንሱ ሰው መጥቶ በሩን ጎንበስ ቀና እያለ መረመረና «የተሰበረ ቁልፍ የታለ?» አለ።

ወንድሜ ምስክር ይሁኑኝ ብሎ የጠራው ዘበኛውን ጋሽ ሁሴንን ነበር። እሳቸውም በዱላቸው ተደግፈው «ወላሂ፣ እኔ እያለሁ ዝንብ አልገባችም!» አሉ።

«ይኸው ሰሙ፤ ሌባ አልገባም፤ አንክስም» አለ የኢንሹራንሱ ሰውዬ።

እኔ የምለው፣ ሌባ ሁሉ በር ይስበር የሚል ትእዛዝ አለ እንዴ? ለእሳትና ለስርቆት የሚክስ ውል ለዚህስ ለምን አይክስም? ወይስ ሳይሰብር የገባ ሌባ በጨዋነቱ ሊመሰገን ነው?

የወንድሜ አቤቱታ ሰኞ ይታያል። በቦታው የነበራችሁ የአሰላ ሰፈሩ ሰዎች፣ በሐሰት መስክሩ አልልም፤ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩለት። ጋሽ ሁሴንን ግን፣ ስለ እመቤቴ ብላችሁ፣ ያን ቀን ከቤት እንዳይወጡ በጨዋታ ያዙልኝ።