ተሳቢ የተቀጠለላት ስፖርት መኪና

ከዓረብ አገር የተመለሰ ወንድ ሁሉ፣ ያመጣውን ዕቃ አባቱ «ጎሽ» ካላሉለት እንቅልፍ አይወስደውም፤ አታውቁም እንዴ? ያኔ አስፋልት በወሬ ብቻ ሲታወቅ፣ የመካነ ሰላሙ ጎረቤቴ ሰይድ ሆዷ መሬት የሚልስ ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና አመጣ። አባቱ ጋሽ ይመር ዞረው አይተው፣ «እህል የማትጭን ምን ልትረባ?» አሉት።

ሰይድ መጎተቻ መንጠቆ አስበይዶ ትንሽ ተሳቢ ቀጠለላት። ሦስት ጆንያ ጤፍ ጭነን ለከላላ ገበያ ተነሣን፤ ጋሽ ይመር በበቅሏቸው ተከተሉን። አቀበቱ ላይ መኪናዋ አፍንጫዋን ቀስራ፣ ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው ቆመች።

«አባየ፣ ወላሂ ትወጣለች!» አለ ሰይድ።

«አብሽር» አሉና ጋሽ ይመር በቅሎዋን ከመኪናዋ ፊት አስረው፣ እኔን አስወርደው ጎኑ ተቀመጡ። «ጎሽ! አሁን ገና መኪና ሆነች!» አሉ፣ በቅሎዋ አቀበቱን እየጎተተቻቸው ስትወጣ።

ዛሬ በአስፋልቱ ሲበር እንኳ፣ ያ አቀበት ጋ ሲደርስ ሰይድ ፍጥነቱን በበቅሎ ልክ ያደርጋል።