አሥራ አንድ ሳህን ያለፈች ሎሚ

ኳስ በቴሌቪዥን በሚታይበት ቤት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም። ሻይ ቤትም ይሁን አሳ ቤት፣ ዲሹ በተተከለበት ቀን እሱም አብሮ ተተክሏል። የሚመጣው ኳስ ሊያይ አይደለም፤ ኳስን ሊቀብር ነው። አገር የጮኸለት ጎል ሲገባ እሱ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ይሄም ጎል ሆኖ!» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ አለ ቢሏችሁ አትመኑ፤ ወይ መብራት ጠፍቷል፣ ወይ ሰውየው ሊሰግድ ወጣ ብሎ ነው።

የባሕር ዳሩ፣ ያውም የጣና ዳሩ ተወካይ፣ ክቡር አቶ ረመዳን ናቸው። እጃቸው የደከመ ጀልባ ሠሪ፣ የድሮ ኳስ ባለአደራ፣ የዘመኑ ኳስ ከሳሽ፣ ምስክርና ፈራጅ። ችሎት የሚቀመጡት ልጃቸው ኢልሃም ሐይቁ ዳር በከፈተችው አሳ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለችው ወንበር የእሳቸው ናት፤ የማያውቅ እንግዳ ቢቀመጥባት ደንበኛው ሁሉ በዓይኑ ያስነሳዋል።

ኢልሃም ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ አምስቱንም ዓመት ይኸንኑ ስትሰማ ኖራለች። አሳ እየገለበጠች፣ ሒሳብ እየተቀበለች፣ ጀርባዋን ሰጥታም ቢሆን አባቷ ቀጥሎ የሚሉትን ታውቃለች። ተጫዋቾች ወደ በረኛቸው ሲመልሱ፣ «ወደኋላ! አሁንም ወደኋላ! ጎሉ በየት በኩል እንደሆነ የነገራቸው የለም እንዴ?» ይላሉ። ዳኛው ጎሉን በቫር ቪዲዮ ሊያይ ሲሮጥ፣ «ሰው ለመደሰትም ፈቃድ ይጠብቃል? በእኛ ጊዜ መጀመሪያ ይጨፈራል፣ ከዚያ ይጣራል!» ይላሉ። አንዱ ተጫዋች አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጠ ተብሎ የተጻፈ ዕለትማ ተነሥተው ቆሙ። «ታዲያ ምነው ሜዳ ውስጥ ዋለ፤ ይሄኔ መራዊ መንገድ ላይ በደረሰ! ኳስ ተጫዋች አይሮጥም። ኳሷን ነው የሚያስሮጣት!»

ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቁና መደምደሚያቸውን ያመጣሉ። «ኳስማ ከአበራ ሚዶ ጋር ቀረ።»

ይህን ካሉ በኋላ አሳውን ያዘዘ ሁሉ ሳህኑን ይጠብቅ። አቶ ረመዳን ከቅርቡ ሰው ሳህን ላይ አንዲት ሎሚ ያነሣሉ፤ ሎሚዋ ኳስ ናት። የደንበኛው ሳህን ሁሉ ተከላካይ ነው፤ የሚጥሚጣው ዕቃ በረኛ፣ የጨው ዕቃው ዳኛ። «ዕለቱ እሑድ ነበር» ብለው ይጀምራሉ፤ «ጣና ራሱ ጸጥ ብሎ ነበር።»

ታሪኩ ይህ ነው። በሰባዎቹ ዓመታት ለሐይቅ ዳር ልጆች ቡድን አበራ የሚባል ተጫዋች ነበር። አፍሮው በር አያስገባውም፤ ቤት ሲገባ በጎኑ ነው የሚገባ። ሚዶውን ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ ይጫወታል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። አንድ እሑድ ከሩቅ ከመጣ ቡድን ጋር ሲጋጠሙ ኳሷን ከመሃል ሜዳ አነሣት፣ አንዱን በአብዶ ሸወደ፣ ሌላውን አስቀመጠ፣ በረኛውንም አለፈ። ጎሉ መስመር ላይ ሲደርስ ኳሷን አቆመና ተቀመጠባት። ከዚያ ሚዶውን ከካልሲው አውጥቶ ጠጉሩን አበጠረ። አበጥሮ ሲጨርስ ተነሣ፤ ሲነሣም በተረከዙ ገፋ አድርጎ አገባት። በረኛው አጨበጨበ።

ያለፋቸው ሰዎች ቁጥር ግን እንደየዘመኑ ነው። ኢልሃም የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ሦስት ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አምስት ሆኑ። ለኒካሓዋ የባሏ የሂሻም ሽማግሌዎች ሲመጡ ሰባት ደረሱ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ መህሩ፣ ስለ ጥሎሹ ሊነጋገሩ መጥተው ስለ ስድስተኛው ተከላካይ ሲከራከሩ አመሹ። ልጅ ስትወልድ ዘጠኝ። ዘንድሮ አሥራ አንድ ሞልተው፣ ቦታ ሲጠፋ ዳኛውም ተጨምሯል።

አንድ ነገር ግን ከኢልሃም በቀር ያስተዋለ የለም። አቶ ረመዳን አላህን የሚፈሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ተከላካይ ሲያልፉ «ወላሂ» ይላሉ፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ። ከአራተኛው ጀምሮ ያለ መሐላ ነው የሚሄዱት።

እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት አለፈ፣ ቴዎ እስኪመጣ። ቴዎ ከአዲስ አበባ ተቀይሮ መጥቶ ኮሌጅ ውስጥ ስታቲስቲክስ የሚያስተምር፣ ሰው አክባሪ፣ የቆሮሶ አሳ ጥብስ ወዳድ ወጣት ነው። ጥፋቱ መቁጠር መቻሉ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ሎሚዋ አሥራ አንደኛው ሳህን ላይ ስትደርስ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ፤ «አሥራ አንድ ተከላካይና አንድ በረኛ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። አሥራ ሁለተኛው ከየት መጣ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ ረመዳን ይህንን እንኳ ይችሉት ነበር። ቴዎ ግን የሳቁ ሙቀት ወስዶት አንድ ጨመረ። «ለመሆኑ አበራ ሚዶ የሚባል ሰውስ ነበር?»

አቶ ረመዳን ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። ምስክር የሚፈልግ ሰው አተያይ ነበር። ኢልሃም ግን እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ከሁሉም ጋር እየሳቀች ነበር።

አቶ ረመዳን ሎሚዋን ወዳነሷት ሳህን በጥንቃቄ መለሷት፣ ቆባቸውን አስተካከሉና ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሯ ባዶ ዋለች። ከዚያ በኋላ በመጣውም። ኢልሃም ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ መጣላት፤ ምን እንደምታደርግበት ግን አላወቀችም። ተጫዋቾቹ ወደኋላ ሲያቀብሉ ማንም አልተቆጣም። ጎል ገባ፣ ሰው አጨበጨበ፣ አለቀ። ቴዎ ራሱ ሎሚውን እያገላበጠ፣ «ዛሬ ጨዋታው ምን ሆኗል?» አለ። ጨዋታው አራት ለሦስት ነበር።

ኢልሃም ቤት ሄዳ አባቷን ለመነቻቸው። «አባ፣ ይምጡ እንጂ። ወንበርዎ ባዶ ናት።»

«ምን ልሠራ? የሌለ ሰው ላወራ?» አሏት። «አንቺም ሳቅሽ እኮ።»

ይህችኛዋ ቃል ሆዷ ገባች። ሂሻም በጎንደር መንገድ ሚኒባስ ይነዳል፤ በየመናኸሪያው አበራ ሚዶን እንዲያፈላልግ አዘዘችው። እንፍራንዝ ላይ ሳቁበት። ማክሰኝት ላይ ግን አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ፣ «ባለ ወፍጮው አበራ እንዳይሆኑ፣ ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበሩ ይባላል» ብላ ስልካቸውን ሰጠችው። ኢልሃም በዚያው ቀን ደወለች። ወፍጮው ይጮኻል፣ ሰውየው ይጮኻሉ፣ እሷም ትጮኻለች።

«አበራ ሚዶ እርስዎ ነዎት?»

«ምን?»

«አበራ ሚዶ!»

ወፍጮው ቆመ። «ነበርሁ» አሉ ሰውየው።

ኢልሃም ከደስታዋ ብዛት ቀን ቀጥራ፣ አሳ ቤቱን አመልክታ፣ ሁለት ጊዜ መርቃቸው ስልኩን ዘጋችው። ዋናውን ነገር፣ ያንን እሑድ ያስታውሱት እንደሆነ፣ ሳትጠይቃቸው።

የቀጠሮው ቅዳሜ አሳ ቤቱ ሞልቶ ውጭ ድረስ ተቆመ። አቶ ረመዳንም የአበራን መገኘት ሰምተው፣ የዒድ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከሰዓት በፊት መጡ። እጃቸው አላርፍ ብሎ ያቺን ወንበር አሥር ጊዜ አነሷት፣ አሥር ጊዜ መለሷት። ከዚያ ሂሻም አንድ ሽማግሌ ደግፎ ገባ። ሰውየው ወፍራም ናቸው፣ በቀኝ እግራቸው ያነክሳሉ፣ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ደግሞ ራሳቸው ላይ አንዲት ጠጉር የለችም። ከኋላ አንዱ ሳቁን ዋጠ።

አቶ ረመዳን ያንን ራስ ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ሄደው የሰውየውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አበራ» አሉ። የራሳቸውንም ወንበር ለቀው አስቀመጧቸው። ይህ በአሳ ቤቱ ታሪክ ሆኖ አያውቅም።

ቴዎ በትሕትና ጠየቀ። «ጋሽ አበራ፣ ያ እሑድ እንዴት ነበር? ኳሷ ላይ ተቀምጠው ያበጠሩ ዕለት?»

ሽማግሌው ቀኝ ጉልበታቸውን ዳሰሱ። «እኔ ልጄ፣ ጉልበቴን የተሰበርሁበትን ነው የማስታውስ» አሉ። «ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ተደበላልቆብኛል። ብዙ እሑድ ነበር። ያችን አላስታውሳትም።»

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር። አቶ ረመዳን ጀለቢያቸው ላይ የሌለ አቧራ ማራገፍ ጀመሩ። ኢልሃም አባቷ እንዲህ አንሰው አይታቸው አታውቅም። ሰውየውን ያመጣቻቸው እሷ ናት። በገዛ እጇ፣ በሰው ፊት፣ ያለቻቸውን አንዲት ታሪክ ልትነጥቃቸው ነው።

ከዚያ መጥበሻውን ትታ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች ወደ መሃል ወጣች። ከቴዎ ሳህን ላይ ሎሚውን አነሣችው።

«ዕለቱ እሑድ ነበር!» አለች። «ጣና ራሱ ጸጥ ብሎ ነበር!»

የአባቷን ድምፅ አወጣች፤ የአባቷን እጅ አወጣች። «የመጀመሪያው ሪዛም ነበር፤ በግራ አሳየው፣ በቀኝ ሄደ፣ ወላሂ! ሁለተኛው ሉካንዳ አለው፤ ሰው ሲያይ ሽንጥና ታፋ ነው የሚታየው፤ በእግሩ መሃል አሾለከበት፣ ወላሂ! ሦስተኛው የፊት ጥርሱ ወርቅ ነው፣ እየሳቀ ነው የሚማታ—»

«ወርቅ ጥርሱ!» ብለው አቶ አበራ ከወንበሩ ተነሡ። «ታኬታዬን የረገጠኝ! ኧረ እሱን አውቀዋለሁ! ኳሷን በላዩ ላይ አሳልፌበት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ቀረ!»

«ወላሂ!» አሉ አቶ ረመዳን፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ።

ቤቱ በጩኸት ፈረሰ። ኢልሃም አልቆመችም፤ አራተኛውን ያለ መሐላ አለፈችው፣ አምስተኛውንም። ቴዎ ስድስተኛው ሳህን የእሱ መሆኑን ሲያይ በሁለት እጁ ይዞ መንገድ ዘጋ፤ በክንዱ ሥር አሳልፋ ሸወደችው፣ እሱም ከሁሉ አብልጦ ጮኸ። የሚገርመው አቶ አበራ አሁን ሁሉንም ማስታወሳቸው ነው። ገና ሰባተኛው ላይ ሳለች፣ «ስምንተኛው ነው ያስቸገረኝ!» ይላሉ። አሥራ አንደኛው ታለፈ፣ ሎሚዋ ሚጥሚጣውንም አልፋ ቆመች፣ ኢልሃም ጭልፋውን ሽርጧ ሥር ሸጉጣ እንደ ሚዶ መዝዛ አወጣችው። አቶ አበራም እጃቸውን ወደ መላጣቸው አነሡና ሁለት ጊዜ፣ በጣም በቀስታ፣ አበጠሩት።

«እንዲህ ነበርሁ እንዴ?» አሉ። «አበስኩ ገበርኩ! እንዲህ ነበርሁ?»

በዚያ መሃል ጎረቤት ካለው ቤት ትልቅ ጩኸት ተሰማ፤ በቴሌቪዥኑ ጎል ገብቶ ነበር። ዞሮ ያየ ሰው የለም።

አቶ ረመዳን ብቻ አላጨበጨቡም። ጎንበስ ብለው የጨው ዕቃውን አነሡና ከአሥራ አንደኛው ሳህን አጠገብ አቆሙት።

«ዳኛውን ረሳሽው» አሏት። «ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ይህ ታሪክ አንድ ቀን እንዲያልቅ ዕድሜዋን ሙሉ ዱዓ ስታደርግ የኖረችው ኢልሃም፣ ሎሚዋን ከሚጥሚጣው ኋላ አንሥታ ወደ መሃል ሜዳ መለሰቻት። እጇ አሳ አሳ ይሸታል፣ ሳቅና ልቅሶ ተናንቋታል።

«ዕለቱ እሑድ ነበር» አለች።