የመሮጫ ማሽኑና የማዳም ሳፊያ ግድግዳ

ተከራይ ሆናችሁ ከኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ምስማር ስትመቱ ባለቤቱ ይቆጣል፤ ቀለም ለመቀባት ታስፈቅዳላችሁ፤ እንግዳ ሲያድርባችሁ ማን እንደሆነ ታስረዳላችሁ። ግድግዳው ውስጥ ስላለው ሽቦ ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ አከራዬ ማዳም ሳፊያ ቤት ከታች ያለውን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ወደብ አካባቢ በትራንዚት ሥራ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስውል ስኳሬ ከፍ አለና ሐኪሙ በየቀኑ አንድ ሰዓት እንድራመድ አዘዘኝ። በሐምሌ ጅቡቲ ላይ አንድ ሰዓት መራመድ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ላልኖረ ሰው ማስረዳት ይቸግራል፤ ነፋሱ ራሱ ፊት ይለበልባል። ስለዚህ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ የመሮጫ ማሽን ገዛሁ። አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ባለቤቴ አልማዝ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ "እኛስ የት ልንተኛ ነው?" አለች።

ፍሪጁም ኤሲውም በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። ሦስት ደቂቃ እንደተራመድኩ ቤቱ ጸጥ አለ። ብሬከሩ ወርዷል። ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ የሚያርፍበት። የላይኛውም ቤት ኤሲ አብሮ ጠፍቶ ኖሮ ማዳም ሳፊያ ከላይ ወረደች። አሮጊት እናቷ በዚያ ሙቀት ያለ ኤሲ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

"ሙሲየ፣ እናቴን ሊገድሉብኝ ነው?" አለችኝ በፈረንሳይኛ፣ ድምጿን ሳታነሳ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ፍሪጁን ነቅዬ ሞከርኩ። ያው ነው። ተስፋዬን ጠራሁት፤ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ መጥቶ፣ የመብራት ሥራ ተምሮ ካርቲየ 5 የቀረ ያገሬ ሰው ነው።

"ብሬከሩን በትልቅ ቀይርልኝና እንገላገል" አልኩት።

"አልቀይርም፣ ጋሼ።"

"ለምን?"

"ብሬከሩ እኮ ሥራውን እየሠራ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ነው የሚወርደው። በትልቅ ብቀይረው መብራቱ አይጠፋብዎትም፤ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ይቀጥላል።"

ተናደድኩ። በጣም ያናደደኝ ደግሞ ልክ መሆኑ ነው።

ማሽኑ ከዋናው የመብራት ሳጥን ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር ያስፈልገዋል አለኝ። ለዚያ ግድግዳ መብሳት ሊኖር ነው፤ ግድግዳ ለመብሳት ደግሞ ማዳም ሳፊያን መለመን። ሁለት ሳምንት ለመንኳት። "ይህን ቤት አባቴ ነው የሠራው፤ ሽቦው ምንም አይልም" ከማለት ሌላ መልስ የላትም። በመጨረሻ አልማዝ ወደ ላይ ወጥታ ከአሮጊቷ ጋር ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ተፈቀደ። ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ተስፋዬ ግድግዳውን ሲከፍት የድሮው ሽቦ ወጣ። ልባሱ ከስሏል፤ በጣቱ ሲነካው ተፈረፈረ።

"ይሄ የእርስዎ ማሽን ብቻ ያደረገው አይደለም" አለኝ። "ስንት ዓመት ሲቃጠል የኖረ ነው።"

ሽቦውን ተከትለን ወጣን። ቀጥ ብሎ ወደ አሮጊቷ ክፍል ይሄዳል፤ ኤሲያቸውን ይዞ፣ በአልጋቸው ራስጌ በኩል።

ማዳም ሳፊያ የከሰለውን ሽቦ በእጇ ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ያንኑ ዕለት እናቷን ባልባላ ሰፈር ወዳለው የእህቷ ቤት ወሰደቻቸው፤ የቤቱ ሽቦ በሙሉ ተለወጠ፤ የእኔም መስመር አብሮ ተዘረጋ። አሁን ማሽኑ ሲሠራ መብራቱ ብልጭ እንኳ አይልም።

በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ማዳም ሳፊያ በር ላይ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ታወራለች። ሶማሊኛዬ ደካማ ቢሆንም ነገሩ ገባኝ፦ የሐበሻው ማሽን ቤቱን ሊያነደው ሲል እሷ ነቅታ፣ ባለሙያ አስጠርታ፣ ግድግዳ አስከፍታ እናቷን አተረፈች። ጎረቤቶቹ ዞረው በትዝብት አዩኝ።

"አመስግናት እንጂ" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

አመሰገንኳት።