ደህና ነው የማይል እቃ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እኛ አገር ሰው "እንዴት ነህ?" ሲባል ምን ይላል? እግሩ ቢሰበር፣ ገብሱን ውርጭ ቢመታው፣ በሬው ቢሞትበት፣ "ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚለው። ዝርዝሩ የሚመጣው በኋላ ነው፤ እሱም ተለምኖ። ደግ ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። ለውሃ ፓምፕ ግን አይሆንም።

እኔ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ የውሃ ቴክኒሻን ነኝ። ያለን ፓምፕ አንድ ነው። ከገደሉ ሥር ከተጠራቀመ ምንጭ ውሃ እየገፋ ወደ ከተማው ያወጣል። እሱ ከሞተ እህቴም ጎረቤቶቿም ጄሪካን አዝለው ገደል መውረድ ነው። ስለዚህ በየማለዳው ለጥበቃው ለጋሽ ታከለ እደውል ነበር።

"ፓምፑ እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አልጋለም?"

"ኧረ ምን ሆኖ! ምነው አንተ ልጅ፣ ክፉ ክፉውን ብቻ ትጠይቃለህ?"

ወርጄ ስነካው እንቁላል ይቀቅላል።

ትራንስሚተር ይገዛ ያልኩት ለዚህ ነው። አንዱ የቧንቧውን ግፊት፣ ሌላው የፓምፑን ሙቀት እየለካ ወደ መቆጣጠሪያ ሳጥን የሚልክ። ሳጥኑ ደግሞ ወደ ስልኬ። ምንጩ አንሶ ፓምፑ ደረቁን ሲዞር ግፊቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይወጣል፤ ያኔ ሳጥኑ ራሱ ያጠፋዋል።

ምርጫው ላይ መከራዬን አየሁ። የውሃ ኮሚቴው "ከገዛን አይቀር ትልቁን" አለ፤ እስከ መቶ ባር ግፊት የሚለካውን። የእኛ ቧንቧ አሥራ ሁለት አያልፍም! በእህል ሚዛን ላይ ቁንጥር ጥቁር አዝሙድ ብታስቀምጡ ሚዛኑ በቅጡ ያውቃል? ለምኜ ባለ አሥራ ስድስቱን አስገዛሁ። ከገዛን በኋላ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ተመልሶ ቧንቧውን ይመታል፣ ባለ ሃያ አምስቱ ይሻል ነበር እንዴ? እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

የዚህ እቃ አንድ ጠባይ ግን ልቤን ወሰደው። ግፊት ጨርሶ ባይኖር እንኳ አራት ሚሊአምፒር የምታህል ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል። "ባዶ ነው፤ እኔ ግን አለሁ" ማለቱ ነው። ምንም ካልላከ ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። ባዶ መሆንና መሞት ይለያያሉ። ይህን ለይቶ የሚነግራችሁ ሰው ታውቃላችሁ?

በጋው ገፋ፤ ምንጩ አነሰ። ሳጥኑ ፓምፑን አጠፋ፣ ልክ እንደታዘዘው። ቀኑ ግን አርብ ነበር። ገበያተኛው ከነአህያው ቦኖው ላይ ተሰልፏል። በሚቀጥለውም አርብ አጠፋ። ጋሽ ታከለ "ይኸ እቃ ሟርተኛ ነው" ብለው አስወሩበት፤ እኔም ከኮሚቴው ሰብሳቢ ከመሪጌታ ፊት ቀረብኩ። መሪጌታ ቤተ ልሔም ደብር የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የተማሩ ሰው ናቸው፤ በዚያው በኩል ልግባ ብዬ አሰብኩ።

"የኔታ፣ ተማሪ ዜማ ሲስት መምህሩ ያስቆመው የለም? እቃውም እንደዚያ ነው።"

"መምህሩ የሚያስቆመው ሊያቃናው ነው፤ ልጄ። ያንተው አስቁሞ ውሃ ያመጣል?"

"አያመጣም።"

"እንግዲያ ገበያተኛውን አታስጠማው። መለካቱን ይለካ። ማጥፋቱን ግን ይተው።"

የማጥፊያውን ሽቦ አስነቀሉኝ። በቀጣዩ አርብ ስልኬ ላይ ግፊቱ ወረደ፣ ሙቀቱ ወጣ። ደወልኩ።

"ጋሽ ታከለ፣ ያጥፉት!"

"ለምን? ደህና ነው እኮ፤ እግዚአብሔር ይመስገን!"

"አይሸትም?"

"ትንሽ ይሸታል እንጂ ደህና ነው።"

ገደሉን በሩጫ ወረድኩት። ስደርስ ፓምፑ ተቃጥሎ ቆሟል። ትራንስሚተሩ ብቻ አራቱን ሚሊአምፒር ይልካል፤ ባዶ ነው፣ እኔ ግን አለሁ።

ለደብረ ታቦር ውሃ ጽሕፈት ቤት አሳወቅሁ። "ሪፖርቱ ደርሶናል፤ ታገሡ" አሉ። ደግሜ አሳወቅሁ። አሁንም ታገሡ። እህቴ ጄሪካኗን አዝላ ስታልፍ፣ "ያ አዋቂ እቃህ ዛሬ ምን ይላል?" አለችኝ።

"ባዶ ነው ይላል።"

"እሱንማ ጀርባዬም ይነግረኛል!"

የተቃጠለውን ፓምፕ አሁንም ከሚጠብቁት ከጋሽ ታከለ ጎን ትናንት ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከደብረ ታቦር ነው፤ ያው ሪፖርቱ የደረሳቸው ኃላፊ።

"እንዴት ናችሁ? ውሃው እንዴት ነው?"

የማውቀውን ሁሉ በቁጥር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አራት ሚሊአምፒር የምልክበት ጉልበት እንኳ አጣሁ።

"ደህና ነው" አልኩ። "እግዚአብሔር ይመስገን።"

ጋሽ ታከለ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"ተመስገን፤ አሁን ሰው ሆንክ።"