ሳልመርጥ የተሰለፍኩበት ቀን

በአገራችን አንድ ሰው በሙሉ ጤንነቱ «እኔ ይቅርብኝ» ካለ ማንም አያምነውም። ድግስ ተጠርታችሁ «አልመጣም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ ሞክሩት። «ምነው አመመህ?» ትባላላችሁ። ደህና መሆናችሁን ስትናገሩ «ተቀይመህ ነው እንዴ?» ይከተላል። አልተቀየምኩም ካላችሁ ነገሩ ይብስና በነጋታው ሽማግሌ ይላካል። መቅረት የተፈቀደው ለታመመ፣ ለሐዘንተኛና መንገድ ለተዘጋበት ሰው ብቻ ነው። ቁርሱን በልቶ፣ አስቦበት፣ ደስ ብሎት የሚቀር ሰው ግን ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም።

እኔ ባለፈው ምርጫ እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ ነበር።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። የተጠገነ ቴሌቪዥን ወዲያው ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ተመልሶ እንደማይጠፋ ለማወቅ ተከፍቶ መዋል አለበት። በዚያ የምርጫ ሰሞን ታዲያ ሱቄ ውስጥ ተደርድረው የሚውሉት ሁሉ ክርክር ነበር የሚያሳዩት። አንዱ መንገድ ሲያነጥፍ ሌላው ውሃ ያስገባል፤ ከጥግ ያለችው ትንሿ ደግሞ ሆስፒታል ትከፍታለች። እኔ መበየጃዬን ይዤ አቀርቅሬ እሰማለሁ። ከሰዓት በኋላ አገሪቱ ተሠርታ ታልቅና፣ ሱቄን ቆልፌ ጭቃውን እየዘለልኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ከዚያ በፊት መርጬ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ አንድ ጊዜ ጎረቤት ሲሄድ ብቻዬን ላለመቅረት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከልቤ ተስፋ አድርጌ። በዚህኛው ምርጫ ግን ራሴን ቁጭ አድርጌ «ሽፈራው፣ አሁን አንተ ቃልህን ልትሰጠው የምትፈልገው ማንን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ማንንም አላገኘም። አልተናደድኩም፣ አልፈራሁም፤ ተስፋ ቆርጬም አይደለም። ሱቅ ገብቶ ሁሉንም አይቶ «ተመስገን፣ ዛሬስ ምንም አልፈልግ» ብሎ እንደሚወጣ ሰው ነው የሆንኩት። ካርድ ሳልወስድ ቀረሁ።

ባለቤቴ አስካለ ግን ካርዷን ከወሰደችበት ቀን ጀምሮ በቦርሳዋ ይዛው ነበር የምትዞረው።

«ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ልብህን የሚሞላ አጣህ?» አለችኝ።

«ጥሩ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ያላመንኩበትን አልፈርምም።»

«እኔ እኮ የምሄደው ያሸንፉልኛል ብዬ አይደለም። አለሁ ለማለት ነው።»

«እኔም እኮ አለሁ፤ ያለሁት ቤት ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ያን ምሽት ራት ቀረበልኝ እንጂ ወሬ አልቀረበልኝም።

የምንኖረው የኪራይ ቤት ነው፤ በአንድ ግቢ ብዙ በር። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ምሥጢር ከማጀት እስከ አጥር ለመድረስ አንድ ጀበና እስኪፈላ እንኳ አይፈጅበትም። አከራያችን እትዬ ማሚቴ በማግሥቱ ጠርተው «ጉንፋን ይዞኛል በል፤ በሰኔ ማንም ያምንሃል» አሉኝ። የእናት ምክር ነው። ደህና መሆኔን፣ አስቤበት መቅረቴን አስረዳኋቸው። ከዚያ ፊታቸው ቀስ ብሎ ፈካ።

«እንግዲያው የዚያን ዕለት ቤት ነህ ማለት ነው?»

ከዚህች ጥያቄ በኋላ ማንም ስለ ምርጫ አልወቀሰኝም። የምርጫው ቀን ሲነጋ፣ ያ የሰኔ ብርድ አጥንት እየቆረጠመ፣ ጋቢ የለበሰው ጋቢውን፣ ጃኬት ያለው ጃኬቱን ደርቦ ከግቢው ሲወጣ፣ እያንዳንዱ በእኔ በር በኩል ነበር የሚያልፈው። አንዷ ቁልፏን ሰጠችኝ። አንዱ ውሃ ከመጣ በርሜሉን እንድሞላለት ነገረኝ። እትዬ ማሚቴ ለበዓል የሚያደልቡትን በግ ከደጄ አስረው፣ ምድጃ ላይ የጣዱትን ንፍሮ አደራ ብለው ሄዱ። አልጋዬ ውስጥ ተጠቅልዬ ሬዲዮ ልሰማ ያሰብኩት ሰውዬ የግቢው ዘበኛ፣ ወጥ ቤትና እረኛ ሆኜ አረፍኩት።

ከእኔ ሌላ ቤት የቀረችው መሬማ ነበረች። ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ሰይድ ከደብረ ብርሃን ልብስ እየገዛ አሊዩ አምባ ገበያ አውርዶ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ነው። የተመዘገበው እዚያው ወላጆቹ ዘንድ ስለነበር «መርጬ በማግሥቱ እመለሳለሁ» ብሎ ከዋዜማው ወርዷል። ቀኗ ገና ነው ተብሏል። እሷም ካርድ አላት፤ ሰልፉ ሲቀንስ ልትሄድ ነው ያሰበችው።

ረፋድ ላይ በጉን ከእትዬ ማሚቴ ጎመን ላይ እየጎተትኩ ሳለ ተጣራች። በሯን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ሴት የለም ወይ?»

«የለም ልጄ። ሁሉም ምርጫ ሄደዋል። ምነው?»

«ያ ረቢ! መጣብኝ መሰለኝ።»

እኔ የቴሌቪዥን ሆድ እንጂ ሌላ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ደወልኩ፤ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወደ ገጠር ወጥቷል፣ ከቻላችሁ ይዛችኋት ኑ አሉ። አስካለ ጋ ብደውል ስልኳ ከትራሳችን ሥር ጮኸ። ባጃጅ ያለው ጎረቤታችን ደጀኔ ነው፤ እሱም ሰልፍ ላይ ነው። መሬማን አስቀምጬ፣ ወገቧን በትራስ ደግፌ፣ በሩን ክፍት ትቼ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

ምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ እስከ አስፋልቱ ወጥቷል። እኔ እያለከለክሁ ብቅ ስል መጀመሪያ ያዩኝ እትዬ ማሚቴ ናቸው። እልል አሉ!

«ሽፈራው መጣ! ልቡ ተመለሰ!»

ሰፈሩ በሙሉ አጨበጨበ። «ጎሽ ጋሼ!» ያለኝ አለ። አስካለ ከሰልፉ መካከል ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። እንዲያ ኮርታብኝ አታውቅም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ደስታዋ ላይ እሷን ማሳዘን ከባድ ነበር።

«መሬማ ምጥ ይዟታል! ደጀኔ የት አለ?» ብዬ ጮህኩ።

ጭብጨባው ቆመ። ደጀኔ መርጦ ወጥቶ የተቀለመ ጣቱን እያሳየ ሲያወራ ነበር፤ ወደ ባጃጁ በረረ። አስካለም ከሰልፉ ወጣች። ተራዋ ገና ሩቅ ቢሆንም ከማለዳ ጀምራ ነው የቆመችው። አንድ ጊዜ ወደ በሩ አየች፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ።

«ያለ ሴት አትሄድም» አለች። «አንተ እዚህ ቁም። ቦታዬን ያዝልኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ሥራ አለህ?»

ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ ሄደ። እኔም ላለመምረጥ የወሰንኩት ሰውዬ ሰልፍ ያዝኩ።

ሰልፍ ላይ የማይመርጥ ሰው መሆን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ልንገራችሁ። ገና ሳልሞቅ አንዱ አስተባባሪ ሽበቴን አይቶ መጣ። «አባት፣ ለአዛውንት ቅድሚያ ነው፤ ወደ ፊት ይለፉ» አለኝ። «ተወኝ ልጄ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አልኩት። ከኋላዬ ያሉት «ምን ዓይነት ትሑት ሰው ናቸው!» ሲሉ ሰማሁ። ዝናብ ጣል ጣል ሲል አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አጋራችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ስለ ልጇ ጀመረች፤ ዘጋሁት።

ከፊቴ የቆመው አቶ አበጀ የሚባል ገበሬ ነበር። ከምዕራብ በኩል ተፈናቅሎ መጥቶ ወንድሙ ጋ የተጠጋ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ይናገራል፤ እያንዳንዷን ቃል እንደ እህል መርጦ።

«የአሸናፊው ነገር ብዙም አያስጨንቀኝም» አለኝ። «ስሜን ሲጠሩት መስማት ነው የናፈቀኝ። እዚያ ስሜን ከብቱም አጥሩም ያውቀው ነበር። እዚህ የሚጠራኝ የለም።»

ትከሻውን ነካ አደረግኩት።

«እርስዎስ ለማን ነው?» አለኝ ቆይቶ።

«ለሚስቴ።»

ዞሮ በአክብሮት አየኝ። «ተወዳዳሪ ናቸው እንዴ?»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ነገሩን ስነግረው እሱም ሳቀ፤ ሳቀ እንጂ አልተሳለቀብኝም። «ይሁን። መቆምም ቁም ነገር ነው» ብሎ ቆሎ ከኪሱ ዘገነልኝ።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ቆይቶ በሩ ጋ ደረስን። አቶ አበጀ ገባ። ከውስጥ ስሙ ከነአባቱ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሰማሁ፤ «አቤት!» ያለው ግን ከእነሱም ጮክ ብሎ ነው። ጣቱን እያየ ሲወጣ ጨብጦኝ ሄደ።

አስካለ ግን አልመጣችም። «ይለፉ» አልኩ ከኋላዬ ያለችውን። ቀጥሎ ያለውንም አሳለፍኩ። የቀጠለውንም። ሰው ሁሉ እያመሰገነኝ ያልፋል። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ወጣት ታዛቢ ሲያየኝ ቆይቶ ስሜቱን ሊይዝ አልቻለም፤ ብድግ ብሎ ወንበሩን ሰጠኝና «አባት፣ ዲሞክራሲ የሚያስፈልገው እንደ እርስዎ ያለ መራጭ ነው» አለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ?

ቀኑ መምሸት ሲጀምር ከኋላዬ ማንም አልቀረም። አስተባባሪው መጥቶ «አሁን እንኳ ይግቡ እንጂ፤ ልንዘጋ ነው። ካርድዎን ይስጡኝ» አለ።

«የለኝም ልጄ። እኔ አልመርጥም።»

«ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው?»

«አዎ።»

ታዛቢው ወንበሩን አየ። መልሶ ሊወስደው እንደፈለገ ገብቶኛል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ተወው። ነገሩን ላስረዳ ስጀምር የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። አስካለ ባጃጁ ሳይቆም ወረደች። ነጠላዋ ተጣጥፎ ወገቧ ላይ ታስሯል፤ ጫማዋ አይታይም፤ ጭቃ ብቻ ነው።

«ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» እያለች በአጠገቤ አልፋ ገባች።

ከወንበሬ ተነሥቼ በበሩ አየኋት። ስሟን ጠሩ፤ «አቤት» አለች። ከመጋረጃው ኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ያሰበችበት ሰው ናት። ስትወጣ ጣቷን አላሳየችኝም። ክንዴን ያዘችና «እግርህ አልበረደህም?» አለችኝ። ለማን እንደመረጠች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም፤ ለማን እንዳልመረጥኩም አልጠየቀችኝም።

ቤት ስንደርስ ንፍሮው ከሰል ሆኗል። በጉ ጎመኑን ጨርሶ ወደ ሽንኩርቱ ተሻግሯል። እትዬ ማሚቴ ግን ምንም አላሉም፤ የከሰለውን ድስት እያጠቡ ጤና ጣቢያ የሚወሰድ ገንፎ እያገነፉ ነበር። ሰይድ በነጋታው ሲደርስ ጣቱ ላይ ያለው ቀለም ገና አልለቀቀም። እጄን ይዞ «አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎ ቤት ባይሆኑ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው አለቀሰ። መሬማ አልጋ ላይ ሆና «ካርዴ እንዲሁ ቀረ» አለች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ ወደ ልጇ ሄደና ረሳችው። የግቢው ሰው ሕፃኗን «ምርጫ» እንበላት ብሎ ነበር። ሰይድ ሐሳቡን በትህትና አዳመጠና ሐያት አላት።

ሐያት ዛሬ ፊደል ቆጥራለች፤ የእኔን ሱቅ ምልክት ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ቴሌቪዥኖቼም እንደገና ክርክር ጀምረዋል። እንደ ልማዴ አቀርቅሬ ስሰማ ግን ዘንድሮ አንዱ ሰውዬ ላይ ጆሮዬ ቆም አለ። ከሁሉም የተለየ ነገር ተናግሮ አይደለም፤ ሲጠይቁት «አላውቅም» አለ። ወደድኩት። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ቁጭ ብዬ ሳስበው «አቤት» ማለት እኔንም ሳያምረኝ አልቀረም።

ትናንት ማታ ለአስካለ ነገርኳት።

«ካርድ ልወስድ አስቤያለሁ» አልኩ፤ እልልታ ባይሆን እንኳ ፈገግታ ጠብቄ።

የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። «ምን ሆነሃል?» አለች። «መሬማ ዘንድሮ ሳልመርጥ አልውልም ብላ ሐያትን የምትተወው አንተ ጋ ነው። እትዬ ማሚቴ እግራቸው አይችልም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ቦታ እንድትይዝላቸው ነግረውኛል። ደጀኔ ራሱ ባጃጁን እንድትጠብቅለት ጠይቆኛል። ሰው ሁሉ አንተን አስቦ ነው የተመዘገበው!»

«ታዲያ የእኔ ድምፅስ?»

አስካለ ትንሽ አሰበች። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሕመምተኛን እንደሚያባብሉት ቀስ ብላ «ጉንፋን ይዞኛል በል» አለችኝ።