የነጎድጓዴ ፏፏቴ ማረፊያ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ የአምስት ዓመቱ ስትራቴጂክ ዕቅድ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ወርኃ መጋቢት በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በደጀንና በቁይ መካከል ባለው ደጋ የሚኖሩት የወረዳው ብቸኛ የቱሪዝም ባለሙያ፣ ርእሰ ብሮሹር፣ ዐቃቤ ባነር፣ ባለ ሁለት ማኅተም ክቡር አቶ ቢተው ከወንበራቸው ተነሡ። ያስነሣቸውም ከዞን የመጣ ደብዳቤ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ እንኳ ጎብኚ ያላየው መዳረሻ ከዕቅዱ ይፋቃል፣ የተያዘለት የእግረኛ ድልድይም ይቀራል ይላልና። የወረዳው መዳረሻ ደግሞ ነጎድጓዴ ፏፏቴ ብቻ ነው፤ ድልድዩ ከቀረ የነጎድጓዴ ሰው ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ተሸክሞ ወንዙን ሲዞር ሊኖር ነው።

ወእምዝ ዘመቱ። ከፊት አካፋ የታጠቀው ዘበኛ ታረቀኝ፣ ከኋላ ቀለምና ብሩሽ የያዙት የቅኔ መምህር የኔታ ምስጋናው፣ በግራ በቀኝ ስብሰባ መስሏቸው የተከተሉ አራት የኮሚቴ አባላት፣ በመካከልም «ወደ ታላቁ ነጎድጓዴ ፏፏቴ» የሚል የብረት ሰሌዳ የተጫነች በቅሎ ነበረች። ሰሌዳውን በአውራ ጎዳናው ዳር ተከሉት፣ ዘመመ፤ ነቅለው ተከሉት፣ ዘመመ፤ በሦስተኛው ቆመ።

ወዲያው ከዐባይ በረሃ የወጣ ሚኒባስ ቆሞ ሰባት ጎብኚዎች ወረዱ። አቶ ቢተው ግን ደስታቸውን ሳይጨርሱ ክው አሉ፤ ነጎድጓዴ ከታኅሣሥ ወዲህ ጠብታ የለውም፤ ዕቅዱ በነሐሴ ስለተጻፈ ይህን አያውቅም። የኔታን በዐይናቸው ጠቀሷቸው፤ የኔታም ሰምና ወርቅ አዋቂ ናቸውና ከሰሌዳው መጨረሻ አንዲት ቃል ጨመሩ፦ «ማረፊያ»። ጎብኚዎቹ የእንግዳ ማረፊያ መስሏቸው ደስ እያላቸው ተከተሉ።

ከደረቁ ገደል ሥር ሲደርሱም አቶ ቢተው ድንጋይ ላይ ወጥተው አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ነጎድጓዴ ደረቀ የሚለው አሉባልታ ነው! ፏፏቴያችን ሰባት ወር ያርፋል፤ ዕረፍቱን ለማየት እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ! እንዳትቀሰቅሱት!»

ጎብኚዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ሳቁን አፍኖ ድንጋዩን ፎቶ አነሣ። ፀሐዩም በረታ፣ ውኃ ጥሙም ጸና። ያን ጊዜ ከገደሉ ግርጌ የሚኖሩት ወይዘሮ ታየች ከደጃቸው ሆነው የራሳቸውን አዋጅ ነገሩ፦

«እናንተ ድንጋይ የምታዩ! እንግዳ በደጄ ተጠምቶ አይሄድም፤ ጠላው ሳይሞቅ ግቡ! አንተም ቢተው፣ ሰው ስታመጣ ቀድመህ ንገረኝ!»

ገቡ፣ ጠጡ፣ እስኪመሽ ተጫወቱ፤ ወይዘሮ ታየችም ምራታቸውን በክረምት ተሸክመው ያዞሩበትን ወንዝ አሳዩአቸው። ሲሄዱም በጎብኚዎች መዝገብ እንዲህ ጻፉ፦ «ፏፏቴው አልታየም፤ ታየች ግን ታየች።»

ዞኑም መዝገቡን አይቶ ክንውኑን ሰባት መቶ በመቶ ብሎ አጸደቀ፤ ድልድዩም ከዕቅዱ ሳይፋቅ በግንቦት ተጀመረ።

ውኃ ሳያፈልቁ እንግዳ ያጠጡ፣ በአንዲት ቃል ወንዝ ያሻገሩ ክቡር አቶ ቢተው ስማቸው ከፍ ይበል፤ ዝናቸውም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይነበብ፣ ሪፖርቱን የሚያነብ ቢገኝ።