አጎቴ የዝግባውን ዕድሜ ተከራከረ

የመርካቶ ሰው መጀመሪያ የተነገረውን ዋጋ አያምንም። በሽታ ነው እንዴ? አይደለም፣ አስተዳደግ ነው። እኛ መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ያደግን ልጆች አፋችንን የፈታነው "ቀንስ!" ብለን ሳይሆን አይቀርም። ሐኪም "ይሄን ኪኒን አሥር ቀን ዋጪ" ሲለኝ "በሰባት አይሆንም?" ብዬው አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዷል።

ከሁላችንም ግን አጎቴ ሀብቴ ይብሳል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሰባተኛ የብርድ ልብስ ሱቅ አለው። አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቁርጥ ዋጋ ሲከራከር አይቼው፣ የማላውቀው ሰው መስዬ ቀድሜው ወጥቻለሁ። ሼም ነው እኮ!

እሱ አጎቴ ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ "ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል?" እያለ የአባቱን አገር ጉራጌን ረግጦት አያውቅም ነበር። አያቴ ሊሞቱ ሲሉ ግን እጁን ይዘው "የቤቴ ቦታ ሣር ብቻ ሆኖ አይቅር፣ ጎጆ ሥራበት" አሉት። በቃ፣ ለዘንድሮ መስቀል ሱቁን ዘጋና እኔና እሱ ተነሣን። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቦታውን የሚሰጡት የአያቴ ታናሽ ወንድም፣ አባባ ነሳ ናቸው። እሳቸው እምቢ ካሉ መንደሩ ውስጥ እሺ የሚል ሰው የለም። አጎቴ እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ አዲስ ጃኬት፣ ለሽማግሌው ጋቢ፣ ለራሱ ጸሎት።

እኔስ? እኔ መንገዱ ረዘመብኝ፣ ወሬ አለቀብኝ። ተንኮል የሚበቅለው ደግሞ ወሬ ሲያልቅ ነው። "ጋሼ" አልኩት ፊቴን አኮሳትሬ፣ "ገጠር ዕድሜ ሲነግሩህ እጥፍ አድርገው ነው የሚጀምሩት። ዝም ብለህ ከተቀበልክ ፋራ ነው ይሉሃል። መከራከር አለብህ፤ ያኔ ያከብሩሃል።" "ከየት አመጣሽው?" አለኝ። "ከታሪክ መጽሐፋችን" አልኩት። አጎቴ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር አይከራከርም፤ የማይከራከረው እሱን ብቻ ነው።

ደረስን። ወይኔ! አገሬን እንዲህ አላሰብኳትም ነበር። ጀፎረ የሚሉት አለ፤ መንደሩን መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ፣ ሣሩ ምንጣፍ የመሰለ፣ እንደ ስታዲየም የሰፋ መንገድ። ሰርጉ እዚያ፣ ለቅሶው እዚያ፣ ከብቱ እዚያ፣ ሕፃናቱ እዚያ። ግራና ቀኙን ቤቶቹ ተደርድረው በራቸውን ወደሱ ከፍተዋል፤ ከጥንት ጀምሮ ደግሞ ማንም አጥሩን አንድ ክንድ እንኳ አላስገባበትም። ደንብ አስከባሪ ሳይኖር! እኛ ጋ ቢሆን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሸራ ይወጠርበታል፣ ካልሲ ይዘረገፍበታል። ደግሞ ጉሬዛ አየሁ፤ ያ ነጭ ዘርፍ ያለው ጥቁር ካባውን ለብሶ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ሰርጉ ያመለጠው ሙሽራ ይመስላል። እንሰቱ ከኔ በሦስት ሰው ቁመት ይበልጣል። ቤቱም፣ ምግቡም፣ ገመዱም ከሱው። እየሮጥኩ ሁሉንም እነካለሁ፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ፤ ስልኬ ፎቶ በቃኝ አለ።

አጎቴ ሥራውን ጀምሯል። የአባባ ነሳ ልጅ እትዬ ወለተ ጎጆአቸው ውስጥ አስገቡንና "ይሄ ምሰሶ ሰማንያ ዓመቱ ነው" አሉን። አጎቴ ምሰሶውን መታ መታ አደረገና "ስልሳ ይበቃዋል" አለ። እትዬ ወለተ ትንሽ አፈጠጡ፣ ከዚያ ሳቁ፤ "ለዘመድ ነው፣ ሃምሳም ይሁንልህ" አሉት። እኔ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ በሳቅ ልሞት ነው። እሱ ግን ዞር ብሎ ጠቀሰኝ፤ "መጽሐፍሽ እውነቱን ነው!"

ከዚያ አባባ ነሳ ወደ አያቴ ቦታ ወሰዱን። ጀፎረው ዳር ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ዝግባ ቆሟል፣ እኔና አጎቴ እጅ ለእጅ ተያይዘን ግንዱን ማቀፍ አቃተን። አጎቴ ሽቅብ አየው፣ ቦታውን በእርምጃ ለካ፣ ከዚያ ሳያስበው "ይሄ ቢነሣ ሁለት መኪና ያቆማል" ብሎ አጉረመረመ። አባባ ነሳ ሰሙት? እንጃ። ብቻ ዱላቸውን ተደግፈው ቀና አሉና "ይሄን ዛፍ የተከለው ሰባተኛ አባታችን ነው" አሉ። ሰባቱንም ስም ከራሳቸው አባት ጀምረው፣ ሳይደናቀፉ፣ ጎርፉ እስከሚባለው ድረስ ቆጠሩት።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ኧረ ተው፣ ብዬ ጃኬቱን ብጎትት አልሰማም። "አባባ፣ ሰባት በዛ። አራት እናድርገው።"

ጀፎረው ላይ የነበረው ከብት ሁሉ ማመንዠኩን ያቆመ መሰለኝ። "አራት?" አሉ ሽማግሌው። "እሺ። ሦስቱን ልቀንስልህ። ስማቸውን ነግሬሃለሁ። የትኛውን ላውጣልህ?" አጎቴ ያመጣውን ጋቢ ዘረጋላቸው። እሳቸውም ጋቢውን ሳይቀበሉ ዞረው እንሰቱ ውስጥ ገቡ። በመርካቶ ደንብ ጥሎ የሚሄደው ገዢ ነው፤ ሻጭ ጥሎ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አጎቴ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ ሆኗል። "አባቴ አንድ ነገር ነበር የለመኑኝ" አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለመሬቱ። ያኔ የኔ ሳቅ የት እንደገባ አላውቅም። ቀልድ ማለት የተቀለደበትም ሲስቅ አይደል? ተነሥቼ እንሰቱ ውስጥ ሮጥኩ።

አባባ ነሳ ደረቅ ቅጠል እየቆረጡ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ተከራከር ያልኩት እኔ ነኝ፣ መጽሐፉም ውሸት ነው፣ ጋሼ ምንም አያውቅም፣ ቦታውን አይከልክሉት፣ እኔን ይምቱኝ። የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው!

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "እኔ እኮ በጉብዝናዬ መርካቶ እህል በረንዳ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። የመርካቶ ሰው በመጀመሪያው ቃል እንደማይገዛ ለኔ ትነግሪኛለሽ? ዛፉን በመኪና ሲለካው ሰማሁት። እውነተኛውን ብነግረው አንድ ተኩል ያደርገውና መጥረቢያ ያመጣል። ለዚህ ነው ሰባት ብዬ የጀመርኩት።"

"እውነተኛውስ ስንት ነው?" አልኳቸው።

"ሦስት። እሱ ግን አራት ሰጠኝ። አንድ ትውልድ አተረፍኩ!"

ታዲያ ለምን ተቆጡ? እንዲህ ብዬ ስጠይቃቸው እንደ ጅል አዩኝ። "ሻጭ ቶሎ እሺ ካለ ገዢ ዕቃውን ይጠረጥረዋል።" የቀሩት አራቱ አያቶችስ? አባባ ነሳ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስም ሲያልቅባቸው የበሬዎቻቸውን ነው የጠሩት፤ ጎርፉም ከነሱ አንዱ ነው።

ስንመለስ አጎቴ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ሰባቱም ይቅሩልኝ፣ አንዳቸውም አይነኩ፣ ዛፉንም አልነካም፣ ቤቱን ከዝግባው ኋላ እሠራለሁ ብሎ ማለ። አባባ ነሳ ኮስተር ብለው ሰሙት፣ ኮስተር ብለው ቦታውን መረቁለት፣ ጋቢውንም ኮስተር ብለው ለበሱ። እኔን ሲያዩኝ ብቻ አንድ ዓይናቸው ትንሽ ተጨፈነች።

አጎቴ መርካቶ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ለአዲሱ ቤት በር ሰሌዳ ማዘዝ ነው፤ የሰባቱ አባቶች ስም በወርቃማ ቀለም። ስሞቹን ቆማ ታስጽፍ ብሎ የላከው እኔን። ጸሐፊው ስድስት ስም ጽፎ ቆርቆሮው ጠበበውና "እህቴ፣ ጎርፉ የሚባለው ባይገባስ? ስድስት አይበቃም?" አለኝ።

"ወንድሜ" አልኩት፣ "የቤተሰብ ታሪክ ነው። ከሰባት አይወርድም።"